ቦኑስ ሽምግልና የሄደ ዕለት

ሽምግልና ልሄድ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ስጥል ባለቤቴ በሩን ይዛ ቆመች።

«ዛሬ አንዲት ላቲን ካፍህ ብትወጣና የልጁ ነገር ቢበላሽ» አለች፣ «ሁለተኛ እዚህ ቤት ላቲን አይነሳም። ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

«ያቺን ቦኑስህን በተለይ።»

«ማርያምን አልኩሽ እኮ! ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

በሩን ለቀቀችልኝ። መልሱን የምታውቀው ጥያቄ ላይ አትደክምም።

እንግዲህ ስለ ላቲኑ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። በልጅነቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባቴ ያስገባኝ ቄስ ይሆናል ብሎ ነው፤ እኔ የገባሁት ምሳ ስለሚሰጡ ነው። ላቲን የሚያስተምሩን ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አንድ ጣሊያናዊ አባ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፦ ቦኑስ፣ ቦና፣ ቦኑም። ሦስቱም «ጥሩ» ማለት ነው አሉን። ለወንድ ቦኑስ፣ ለሴት ቦና፣ ወንድም ሴትም ላልሆነ ቦኑም። በኛ አገር ጥሩ ወንድ ብትል ጥሩ ሴት፣ ጥሩ በሬ ብትል ጥሩ ላም፣ ቃሉ ንቅንቅ አይልም። በላቲን ግን «ጥሩ» የሚለው ቃል እንደ ባለሟል ከጌታው ኋላ ኋላ ይሄዳል፤ ጌታው ሴት ሲሆን ሴት ይሆናል፣ ጌታው ሲበዛ ይበዛል። እጄን አወጣሁና «አባ፣ ወንድም ሴትም ያልሆነ ነገር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አባ አሰቡና «ወይን ጠጅ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቃችን ሲያባራ «ሰፈራችሁ ውሃ የምትቀዱበት ምን ይባላል?» አሉን። «ቦኖ!» ብለን ጮኽን። «ቦኖ የዚህ ቃል የልጅ ልጅ ነው» አሉ። ቦኑስ ዕድሜ ገፍቶት ጣሊያንኛ ውስጥ ሲገባ ቡኦኖ ሆነ። ጣሊያን ደግሞ አንድ ነገር መቀበያ የሆነችዋን ቁራጭ ትኬት ቡኦኖ ይላታል፤ ጥሩ ናት፣ ትሠራለች ለማለት። ውሃው በትኬት ይቀዳ ስለነበር የትኬቷ ስም ቧንቧው ላይ ቀረ። አባ እንዲህ ነበር ያስተማሩን። እኔ ያን ዕለት ጠዋት እዚያው ቦኖ ላይ ወረፋዬን ቀደምክ ብሎ ከንፈሬን ካሳበጠው ልጅ ጋር ተደባድቤ ነው የመጣሁት። ለካ የተደባደብነው ለሮማ ንጉሥ ቃል ነው! ያን ጊዜ አለቀልኝ።

ቅስናው አልሆነም፤ አቃቂ ጥጥ ፋብሪካ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራሁ። ላቲኑ ግን አልለቀቀኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ነኝ። ዓመት ዞሮ ቦነስ ሲሰጥ ሌላው ሠራተኛ በግ ይገዛል፣ እኔ ሰልፉ ላይ ቆሜ ቦነስና ቦኖ የአንድ አያት ልጆች መሆናቸውን አስረዳለሁ። ሰው ደግሞ ሲፈጥረው ሊያቃልል ይወዳል። «ቦንዳስ? ቦምብስ?» ይሉኛል። አይደሉም! ቦንዳም ቦምብም ዘመዶች አይደሉም፣ በስሙ የሚነግዱ ናቸው። ዕድር ላይ አስረድቻለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አስረድቻለሁ፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል መኪናው ሙሉ «አለ!» አለ። አንዴማ ለቅሶ ቤት አስረዳሁ፤ ባለቤቴ ያንን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። ምን ላድርግ ታዲያ? ሰዉ ሁሉ ሟቹን «ጥሩ ሰው ነበር፣ ጥሩ ሰው ነበር» ሲል ዝም ልበል?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ስንኳ እስከ መጨረሻው የሰማኝ የለም። ወሬዬ ቦኖው ጋ ሲደርስ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ይኼ ያንገበግበኝ ነበር።

አሁን ወደ ሽምግልናው። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ነው፣ ሚኒባስ አለው፤ ልጁ ቂሊንጦ ፋብሪካ ይሠራል። ያ ልጅ እጄ ላይ ነው ያደገው። ትንሽ ሳለ ለአንድ ከረሜላ ቦኑስ፣ ቦና፣ ቦኑም ይልልኝ ነበር፤ ለሁለት ከረሜላ በብዙ ቁጥር ይደግመዋል። ይኸው አድጎ አብራው በአንድ ሰርቪስ የምትሄድ፣ እዚያው እሱ የሚሠራበት ክፍል የምትሠራ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። አባቷ ግን ኮስታራ ናቸው አሉ። ሌላ የደላው ሰው ሽማግሌ እየላከባቸው ነበርና ለኛ ልጅ አንድ ቀን ቆርጠው ሰጡት፦ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት፣ ሽማግሌዎችህ ይምጡ፤ ያን ቀን ካልመጡ ነገሩ አለቀ። ልጁ ሳምንቱን እህል አልቀመሰም። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በገመድ አሰረው።

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው የልጁ አጎት ናቸው፣ ለዚሁ ብለው ከኮምቦልቻ የመጡ ሐጂ። ሁለተኛው እዚሁ አቃቂ ተወልደው ያረጁ፣ የአባታቸው እርሻ ላይ አሁን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው የታሰበው ሰው እግሩን ታሞ ቀረና ልጁ እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ አንደበትዎ ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩ! ሌላ ቃል ቢል ኖሮ ምናልባት እምቢ እል ነበር።

ሐጂው ጥብቅ ሰው ናቸው። ገና ሚኒባስ ውስጥ ስልካችንን አስጠፉን። ባለፈው አንድ ሽምግልና ላይ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ ያንዱ ሽማግሌ ኪስ ጭፈራ ጀምሮባቸዋል። «እናንተ ስማችሁን ብቻ ነው የምትናገሩት፤ ሌላውን እኔ» አሉን። ይኼኔ እኔን ለብቻዬ ዞር ብለው አዩኝ። ባለቤቴ ነግራቸዋለች ማለት ነው።

የልጅቷ አባት የሚኖሩበት ቱሉ ዲምቱ ወረድን። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ራሱ አንድ ዓይነት። እኔ ልጁ የነገረኝን የብሎክ ቁጥር ስፈልግ የአቃቂው ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ቁጥር ምናምን አትበለኝ!» አሉ። «ልጁ ድሮ ሾላው የነበረበት ጋ ብሎኛል። ሾላውን እኔ አላውቀውም? ከሥሩ ነው ያደግሁት። ተከተሉኝ!»

ተከተልናቸው። «እዚህ ጋ ጭቃው በሬያችንን ውጦብናል» ይላሉ አንድ የስፖርት ቤት ፊት ቆመው። «እዚህ ጋ ጤፋችን ነበር» ይላሉ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ። አስፋልቱ ላይ እርሻቸውን እያዩ ነው የሚሄዱት፤ እኛ አስፋልቱን ብቻ ስለምናይ ምን እንበል? በመጨረሻ አንዱ ብሎክ ፊት ቆሙና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ሾላው ይኸ ነው። ሦስተኛ ፎቅ።» የሾላ ፎቅ እሳቸው ናቸው የቆጠሩት።

በሩን የከፈተው ሽርጥ ያገለደመ፣ ዕድሜው ከኔ ጋር የሚተካከል ሰው ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጋቢ፣ ሦስት ከዘራ ሲያይ ደነገጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ነበር፤ ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው።

«ግቡ! ቤት ለእንግዳ! ተቀመጡ!»

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ ሐጂው። ሥርዓቱ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ባለቤቱ ጉዳዩን ሰምቶ «ተቀመጡ» ካለ ነው ግማሹ መንገድ የተሄደው።

ሰውየው «አንዴ» ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሲመለስ ሽርጡ ላይ ኮት ደርቦ ነበር። ሐጂው ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን አሉ። ሰውየው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ ሐጂውን አስተውሎ አያቸውና «አነጋገርዎ የኛ አገር ነው፤ የት ነዎት?» አለ።

«ኮምቦልቻ።»

«እኔ ከሚሴ!»

«ያ ረቢ!»

ይኸው ነው፣ እኛም እርግጠኛ ሆንን። የልጅቷ አባት ወሎ ናቸው፣ ሥራቸው የመኪና ነገር ነው ተብለናል፤ ይኼም ሰው ወሎ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ሚስቱ ሞታ ከሴት ልጁ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ሌላ ምን እንጠይቅ? በአገራችን ሽማግሌ ድንገት ነው የሚመጣው፤ እሱም የቀጠራችሁት ሰው እኔ አይደለሁም ሊል አይችልም።

«ተቀመጡ» አለ ሹፌሩ። ተቀመጥን። ሐጂው በእፎይታ ተነፈሱ።

«ልጁ እንዴት ያለ ነው?» አለ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉ የሾላው ሽማግሌ።

«ጥሩ!» አለ ሹፌሩ። «ጥሩ ነው ያላለ ሽማግሌ ታውቃላችሁ? እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ጥሩ ጥሩ አትበሉኝ፣ ጥሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ንገሩኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! እኔ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ምላሴን ነከስሁ። ማርያምን ብያለሁ። ሐጂው እግራቸውን እግሬ ላይ አስቀመጡ። ሹፌሩ ግን ዓይን ዓይኔን ያያል፣ ከሦስታችን ፊት የኔ ፊት ነበር መልስ ያለበት የሚመስለው።

«ድሮ ሮማ ውስጥ…» ብዬ ጀመርኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐጂው ረገጡኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ሌላውን እግሬን ወደ ኋላ ስቤ ቀጠልኩ። ሮማ ውስጥ የተገኘች ትንሽ ሸክላ አለች፣ አልኩት፤ ላይዋ ላይ «ዱዌኖስ ሠራኝ» የሚል ተጽፎባታል። ዱዌኖስ የሠሪው ስም ነው ወይስ «ጥሩ ሰው ሠራኝ» ማለቷ ነው፣ የተማሩት ሰዎች እስከ ዛሬ ይጣላሉ።

«ሸክላዋ ራሷ ናት የምትናገር?» አለ ሹፌሩ።

«ራሷ!»

«ከዚያስ?»

ከዚያስ! ይኼን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም። ከዚያማ፣ አልኩት፣ ሰው እየቸኮለ ሲናገር ዱና ዌ አንድ ላይ ተጨፈለቁና ብ ሆኑ፤ ዱዌኖስ ቦኑስ ሆነ።

«ማርሽ ነዋ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። «ቁልቁለት ላይ በአንደኛ የጀመረ ቃል ሜዳ ሲያገኝ ማርሽ ይቀይራል። ከዚያስ?»

ከዚያማ እንዴት ላቁም? ቦኑስ ትንሽዬ ልጅ ወለደ፣ «ጥሩዬ» እንደማለት፤ ያ ልጅ አድጎ ቤሉስ ሆነ፣ ቆንጆ ማለት ሆነ፤ ጣሊያን ቤሎ የሚለው እሱን ነው። ፈረንሳይ ቦን አለው፣ ስፔን ቡዌኖ አለው፣ ጣሊያን ቡኦኖ። ይኼኔ ሹፌሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ወጣት ሳለ አሰብ መንገድ ላይ አንድ ያረጀ ጣሊያናዊ ሜካኒክ ነበር አለ፤ የሞተ ሞተር ሲነሳለት እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ «ቡኦኖ!» ይል ነበር። «እኔ ሞተሩን የሚጠራበት ስም መስሎኝ ኖሬያለሁ!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሾላው ሽማግሌ ተኝተዋል። ሐጂው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዱዓ መሆን አለበት፣ እኔ ላይ ይሁን ለኔ አላወቅሁም።

ቦኖውን ነገርኩት። ቦነሱን ነገርኩት። ጊዜው ሲሄድ አልታወቀኝም። ጥሩ የሚለው ቃል ሲበልጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን ልነግረው ሆነ። «ሌላው ቃል ሲበልጥ ጭራው ብቻ ይረዝማል፣» አልኩት። «ቦኑስ ግን ራሱ ጠፍቶ ሌላ ቃል ይመጣል። የተሻለው መሊዮር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ…»

«ይቆዩ!» አለ ሹፌሩ። «ይቺን ልጄም ትስማ! ስለሷ አይደል የተመጣው? አንቺ! ነይ!»

ልጅቷ ለስላሳ በትሪ ይዛ ወጣች። መነጽር አድርጋለች፤ ጣቷ ቀይ ቀለም ነክቶታል፣ የተማሪ ፈተና ስታርም ነበር። ዕድሜዋ ከኛ ልጅ ከፍ ያለ መሰለኝ፣ ግን እኔ ምን ቸገረኝ።

«አባ» አለች በቀስታ፣ «ማን ነው ልጁ? እኔን በየት ያውቀኛል?»

ሐጂው ዓይናቸውን ገለጡ። «በየት? አብራችሁ አይደል ሰርቪስ የምትሳፈሩ? ፋብሪካው ውስጥ አብራችሁ አይደል የምትሠሩ?»

«እኔ አስተማሪ ነኝ» አለች።

ቀጥሎ ትሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፈራች መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቋ ፈነዳ። እንዴት ያለ ሳቅ! ትሪውን አስቀምጣ ግድግዳ ይዛ ነው የሳቀች። «የናንተ ሙሽራ ያችኛው ብሎክ ናት» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ «የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ልጅ። ጓደኛዬ ናት። ዛሬ ሽማግሌ ይመጣልኛል ብላ ከጠዋት ጀምሮ መጋረጃ ስታጥብ ነው የዋለችው! አባ፣ እኔን ልትሰጠኝ ነበር? ለማን?»

«እኔ እንጃ» አለ ሹፌሩ። «ጥሩ ልጅ ነው ሲሉኝ…»

የኮቱን የላይኛዋን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ደግሞ መልሶ ቆለፋት፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነው። አንጀቴን በላኝ። ቤቱ ሽማግሌ ሲመጣለት የመጀመሪያው መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ደስታውን እኛው አምጥተን እኛው ወሰድንበት።

የሾላው ሽማግሌ ነቁ። ነገሩ ሲነገራቸው ግን አልተሸነፉም። «እኔ አልተሳሳትሁም» አሉ። «ሾላውን ነው ያለቦታው የቆረጡት።»

ስልካችንን ከፈትን። ወይ ጉድ! የልጁ ጥሪ በጥሪ ላይ ነው። አሥር ሰዓት አልፏል። ጋቢያችንን እየጎተትን ደረጃውን ወረድን፤ ዞር ስል ሹፌሩ በኮቱና በሽርጡ ከኋላችን ይሮጣል።

ነጋዴው በሩን በሩብ ከፍቶ ነው ያነጋገረን። ውስጡ የተሰናዳ ምግብ ይሸታል። «ልጄን ቀጠሮ ለማያከብር አልሰጥም» አለ። «ስምንት ሰዓት ብያለሁ። አሁን ስንት ነው?» ሐጂው ለመኑ። ጠፍቶን ነው አልን። «የሰው ቤት ያጣ ሽማግሌ የሰው ልጅ እንዴት ያገኛል?» አለና በሩን ሊገፋው ሆነ። ልጁን አሰብሁት፣ ሱሪውን በገመድ አስሮ ሰፈር በር ላይ ሲጠብቅ።

ሹፌሩ ነው ወደ ፊት ያለፈ። ሁለቱ አንድ መስጊድ ነው የሚሰግዱት፤ ይተዋወቃሉ።

«ያልመጡት ንቀውህ አይደለም» አለው። «እኔ ቤት ነበሩ። በስህተት።»

«አንተ ቤት? ምን ሲያደርጉ?»

«ልጄን ሲጠይቁ።»

«ልጅህን? ለማን?»

«ላንተው አማች ለሚሆነው። ስለ ልጁ ነገሩኝ፤ አባቱ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለምስክርነት የቆሙለት ልጅ አይቅርብኝ ብዬ…» ዞር ብሎ እኛን አየን። «እሺ ልል ነበር። ልጄ ናት በሳቅ ያዳነችን።»

የነጋዴው ዓይን ፈጠጠ። «የኔን ልጅ ሙሽራ ልትወስድብኝ ነበር?»

«በስህተት ነው እንጂ፣ ምን ነበረበት!»

«የኔን?»

በሩ ተበረገደ። «ግቡ!» አለ ነጋዴው። «ግቡ አልኩ እኮ! ተቀመጡ! ምንድነው በር ላይ የሚያስቆማችሁ? ሌላ ሰው ሳይሰማ ግቡ!» ስንገባ ወደኔ ዞሮ «ለመሆኑ ምን ብላችሁ ነው ስለ ልጁ የነገራችሁት?» አለኝ። ሐጂው በሁለት እግራቸው ቆሙብኝ። «ጥሩ ልጅ ነው» አልኩና አፌን ገጠምኩ።

ልጁ ሚስቱን አገኘ። እኔ ግን ቤት ስገባ ችሎት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሐጂው ከኮምቦልቻ ድረስ የመጡት ለዚህ ይመስል ለባለቤቴ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ላቲኑ ባይኖር ኖሮ ስህተቱ አንድ ለስላሳ ሳይጠጣ ይታወቅ ነበር አሏት፤ ቀጠሮውን ያስቀረው ሾላው ሳይሆን ቦኑስ ነው። ልከራከር አልቻልኩም። ማርያምን ብያለሁ። «የልጁን ነገር ከተበላሸበት ያወጣው ሹፌሩ ነው» አለች ባለቤቴ፣ «አንተ አይደለህም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ላቲን የለም።»

ሳምንቱን ሙሉ አፌን ይዤ ኖርኩ። ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ጋዜጠኛ ቦነስ ሲል ተነስቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። እህል ራሱ አልጣፈጠኝም። ሰው ይስቅብኛል እንጂ፣ እውነት ሐዘን ገብቶኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተች። ሹፌሩ ነው፤ ኮት፣ ሱሪ፣ ነጭ ጋቢ። ከጎኑ የሾላው ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እንዴት በሩን እንዳልሳቱት እንጃ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ባለቤቴ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አለ ሹፌሩ።

ባለቤቴ እኔን አየች፣ እነሱን አየች። «ኧረ እኛ ሴት ልጅ የለንም! ሁለቱንም ድረናል!»

«ለሴት ልጅ አይደለም» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርኩ። የሰማሁትን ወሬ ሁሉ ተራ በተራ ረስቼዋለሁ። ባለቤትዎ የነገሩኝን ቃል ግን ከከሚሴ እስከ አሰብ የነዳሁት ያህል አየሁት። መጨረሻው ላይ ስንደርስ በኛው ስህተት ተቋረጠ። ጥሩ አሉኝ፣ የተሻለ አሉኝ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ሳይነግሩኝ ተነሱ። ልጄም ማታ ማታ ትጠይቀኛለች። ቃሉ ታስሯል ሲባል ሰማን። እንዲፈቱልን ልንለምን ነው የመጣነው።»

እኔ ከጓዳው በር ሥር ቆሜ ነው የምሰማ። ለኔ ቃል ሽማግሌ ተላከ!

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም» አለች። «ተመካክረን መልስ እንሰጣለን። በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።»

«ሥርዓት ነው!» አለ ሹፌሩ ፊቱ በርቶ። «እሺ ቢሉ ኖሮ ነበር የሚገርመኝ።» የሾላው ሽማግሌም «ደግ!» አሉ፣ ተያይዘው ከግቢ ወጡ።

ባለቤቴ በሩን ዘጋችና ዞረችብኝ።

«ለመሆኑ ምንድነው እሱ?»

«ምኑ?»

«ከሁሉ የሚበልጠው የተባለው። ሰውዬው ሲመጣ ሳላውቀው ልቆም ነው?»

አፌን ከፈትኩ። እንግዲህ አስቡት፣ ይኼን ጥያቄ ከሷ አፍ ስጠብቅ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ሚሲዮን ቤት የተማርኩት፣ ሰልፍ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት የደገምኩት ቃል፤ ተኝቼ ብጠየቅ የማልስተው ቃል።

«ቦኑስ…» አልኩ። «መሊዮር…»

ጠፋኝ። ድርግም ብሎ ጠፋኝ!

ባለቤቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ እጇን አራግፋ ወደ ጓዳ ገባች።

«ኦፕቲሙስ ነው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ከውስጥ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ስትለፈልፈው ጆሮዬ ድንጋይ መሰለህ?»

ተቀመጥ የሚለኝ ስላልነበረ ሳሎኑ መሐል ቆሜ ቀረሁ። የሳህን ድምፅ ተሰማ፣ ውሃ ተቀዳ፣ ቆየት ብላ አንገቷን አወጣች።

«ምን ይገትርሃል? ቁጭ በልና ከቦኖው ጀምር።»